ጎመኑ ላይ ያልተጣበቀው ውሃ

ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ ስትወጪ ተሻለሽ? አባባ አሁንም መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ ቤቱን ሙሉ ይፈልገዋል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ይህን ሲያነብልሽ ቶሎ ቶሎ ካለብሽ ቆንጥጪው።

ባለፈው የደበቅሁሽ ነገር ነበር። ጎመን ላይ ሰፍሮ ቅጠሉን የሚመጥጠውን ክሽክሽ የተባለ ተባይ ያለ ፋብሪካ መርዝ ለማጥፋት ሁለት ዓመት የደከምኩበትን ደብተር አለቃዬ ወስዶ በራሱ ስም ሪፖርት አደረገው። ስሜ የታለ ብዬ ብጠይቀው «አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ይደርስሻል» አለኝ። በማግስቱ እቃ አጣቢ አደረገኝ። በዲግሪዬ የችግኝ ትሪ ሳጥብ ከረምኩልሽ።

ደብተሩ ላይ የኒም ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ ማሳደር፣ ከዚያ በጨርቅ ማጥለል ይላል። የመጨረሻው መስመር ግን «ከዚያ እንደ እማዬ» ብቻ ነው። አንቺ የጓሮ ጎመንሽን ስትረጪ ውሃው ውስጥ የምትጨምሪውን የልብስ ሳሙና ፍቅፋቂ ማለቴ ነበር። ለእኔ ግልጽ ስለሆነ አልዘረዘርኩትም። እሱ ደግሞ የልጅ ቀልድ መስሎት ሰረዘው።

አትክልት አምራቾች በተሰበሰቡበት የኒሙን ውሃ ጎመን ላይ አስረጨ። የጎመን ቅጠል ሰም እንዳለው ታውቂያለሽ፤ ውሃው እንደ ጨሌ እየተንከባለለ መሬት ገባ። በሦስተኛው ቀን ክሽክሹ እንዳለ ነው። አንዲት አምራች «ጌታዬ፣ ገላቸውን አጠቡላቸው እንጂ ምን አደረጓቸው?» ብላ ሰዉን አሳቀችው።

ከሰዓት በኋላ አለቃዬ ማጠቢያዬ ድረስ መጣ። «የኔ እህት፣ ይህ እንደ እማዬ የሚለው ምንድን ነው?» አለኝ። ያን ቀን እህቱ ሆንኩ። ስሜ ያለበትን ሪፖርት ያምጡና እነግርዎታለሁ አልኩት። ኋላ ይታሰብበታል አለ። ጓንቴን አውልቄ በቀጥታ ወደ አምራቾቹ ሄድኩ። ሳሙናውን ፊታቸው በቢላ ፍቄ ጨመርኩና ረጨሁ። ውሃው ቅጠሉን ይዞ ቀረ፤ ክሽክሹም በሳምንቱ ደርቆ ረገፈ።

ሪፖርቱ የአምራቾቹ ፊርማ ያስፈልገው ነበር። ያቺ ሰዉን ያሳቀችው ሴትዮ እስክሪብቶውን አስቀምጣ «የልጅቷ ስም የት አለ?» አለች። ሌሎቹም እጃቸውን ሰበሰቡ። አሁን ስሜ ከላይ ተጽፏል እማዬ፤ አላለቀስኩም፣ አልለመንኩም። ጸሐፊዋ ስትተይብ «እንደ እማዬ የሚለውን ላጥፋው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከጎኑ ሳሙና ብለሽ ጨምሪ፣ እሱን ግን እንዳትነኪው አልኳት።

አባባን ግንባሩን ሳሚልኝ፣ ከመነጽሩ ከፍ ብለሽ። ታላቅ እህቴን ከነሆዷ ሰላም በይልኝ። አንተ አንባቢው ደግሞ፣ እንዳትነኪው ያልኩበትን መስመር ለእማዬ ሁለቴ አንብብላት።

እልኸኛዋ ልጅሽ
ከችግኝ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር 9 ቀን