አባባ የተሸለሙበት ዝምታ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን ልጠይቅ። እንዴት ሰነበትክ? ያ ማቀዝቀዣ መጋዘን ያሳመመህ ትከሻ ተሻለህ ወይስ እንደ ልማድህ «ምንም አልሆንኩም» እያልክ ትሸሽገናለህ? ባለቤትህስ ደህና ናት? ትምህርቷን ጨረሰች? ትንሿ ልጃችሁ የፊት ጥርሷ ወልቆ በስልክ ስትስቅልኝ ነበር፤ አዲሱ በቀለላት? እኛም እንደዚሁ ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ የእኛን ጤንነት ትንሽ ቆይቼ እነግርሃለሁ። አደራህን፣ ሥራ ቦታ ቆመህ ሳይሆን ቤትህ ገብተህ፣ ቁጭ ብለህ አንብበው።

የአባባን የፊልም ሽልማት በሰማህ ቀን አራት ጊዜ ደወልክ። መጀመሪያ ተኝተዋል አልኩህ፤ ቀጥሎ ገላቸውን እየታጠቡ ነው፤ ከዚያ ደግሞ እንግዳ ይዘዋል። በአራተኛው «ታዋቂ ከሆኑ ወዲህ ልጃቸውንም ደጅ ያስጠናሉ» ብለህ ሳቅክ። እኔም አብሬህ ሳቅኩ። ከዚያ በፊትም ጉሮሯቸውን አሟቸው ሐኪም እንዳይናገሩ ከልክሏቸዋል ስንልህ አምነኸን፣ «አባባን ዝም ያሰኘ ሐኪም እሱ ነበር መሸለም ያለበት» ብለህ ቀልደሃል። ወንድም ጋሼ፣ ዋሽቼሃለሁ። አንድ ቀን አይደለም፤ ሁለት ወር ተኩል ሙሉ። ይህን የምጽፍልህ እማዬ ሳታውቅ ነው። በስልክ እንዳልነግርህ ስናወራ እሷ ከአጠገቤ አትጠፋም፤ በዚያ ላይ ድምፄ ይከዳኛል። ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ ነገ በእጁ እልክልሃለሁ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አባባ ፀጉር ቤቱ ውስጥ የታክሲ ሹፌሩን እያስተካከሉት ነበር። ታውቀዋለህ፤ ፊልም ሲተች አፉ ስለማያርፍ ሰፈሩ ሁሉ ሃያሲው የሚለውን። የግራ ጎኑን ጨርሰው ወደ ቀኙ ሲዞሩ የፀጉር መቁረጫው ቶንዶስ ከእጃቸው ወደቀ። ሊያነሱት ጎንበስ ሲሉ እሳቸውም ወደቁ። ሃያሲው ጨርቁ አንገቱ ላይ እንደታሰረ አቅፎ ታክሲው ውስጥ አስገባቸው። ግማሽ ራሱ ተላጭቶ ግማሹ እንደጎፈረ ቀኑን ሙሉ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሞ ዋለ፤ ሰው እያየ ሲስቅበት ምን እንዳሳቀው እንኳ አላወቀም። ሐኪሙ ስትሮክ ነው አለን። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ከዳቸው፤ ንግግራቸው ጨርሶ ሄደ። ሁሉን ይሰማሉ፣ ሁሉን ያውቃሉ፣ የማይወጣላቸው ቃሉ ብቻ ነው አለን። ይህን ያለን ሊያጽናናን ነበር። እኔ ግን ምነው ባልገባቸው ብዬ ያሰብኩበት ቀን አለ፤ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ።

እማዬ በማግስቱ የፀጉር ቤቱን ሰዎች አንድ በአንድ አስማለች። የመኖሪያ ወረቀትህ ሊያልቅ ጥቂት ወር እንደቀረው ታውቃለች። «ልጄ ይህን ከሰማ ቀን አያድርም፤ አሁን ከወጣ ደግሞ መመለሻ የለውም፤ ሰባት ዓመቱን ውኃ በላው ማለት ነው» አለች። ሰዉም ቃሉን ጠበቀ። ወሬ የማያድርበት ያ ፀጉር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ዋጠ።

አሁን ወደ ፊልሙ ልምጣ። ዳይሬክተሩ የአባባ ደንበኛ እንደነበር፣ ሦስት ዓመት በመስተዋት ሲያያቸው ቆይቶ አንድ ቀን ፊትዎን እፈልገዋለሁ እንዳላቸው ነግረውሃል። እሳቸውም «ፊቴን ውሰደው፣ አፌን ግን ተውልኝ» ብለውት ነበር። የሰጣቸው ደግሞ የማይናገር ሰው ሆኖ መሥራት ነው። ባቡር የማይመጣበት ጣቢያ የሚጠብቅ ዘበኛ፤ ፊልሙ እስኪያልቅ አሥራ አንድ ቃል ብቻ የሚወጣው። ያንተ አባት፣ አንድ ጢም ላጭተው እስኪጨርሱ የሰውየውን ዘር ማንዘር ጠይቀው የራሳቸውንም የሚጨምሩት ሰው። ካሜራው እየሠራ ከመብራት ሠራተኛው ጋር ወግ ይጀምሩ ስለነበር ዳይሬክተሩ ፀጉሩን ይነጭ ነበር። ቤት መጥተው ዝምታ ይለማመዱ ጀመር። ምሳ ላይ አፋቸውን ገጥመው ቁጭ ይላሉ፤ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ እንደ ተከፈተ ቧንቧ ይለቁታል። እማዬ እንባዋ እስኪወርድ እየሳቀች፣ «ምነው ይህ ፊልም ዓመቱን ሙሉ በተሠራና ባረፍኩ» አለች። አሁን ያን ቃሏን እያስታወሰች ብቻዋን ስታለቅስ አግኝቻታለሁ። እኔ ነኝ ያሟረትኩበት ትላለች። ቀልድ ነው እማዬ፣ ማን በቀልድ ይታመማል ብላት አትሰማኝም።

ሽልማቱ የሚሰጥበት ቀን አባባ ዘንድ የሚውሉት የፊልም ወዳጆች ሁሉ ፀጉር ቤቱ ተሰበሰቡ። ሽልማቱ በሚሰጥበት አገር ምሽት ሲሆን እዚህ ገና ከሰዓት በኋላ ነው። ሃያሲው ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘው፤ የአባባ ደንበኛ የሆነው የእንግሊዝኛ አስተማሪው እንዲተረጉምልን ከፊት ተቀመጠ። አባባን እኔና ሃያሲው ደግፈን የራሳቸው የሥራ ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። ከወደቁ ወዲህ ፀጉር ቤቱ ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነበር። ግራ እጃቸውን ወንበሩ ክንድ ላይ አድርገው ቆዳውን ደባበሱት።

የምርጥ ተዋናይ ሽልማት ሲደርስ አንዲት ሴትዮ ወረቀት ከፍታ አነበበች። አስተማሪው አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። እማዬ «ምን አለች? ንገረን እንጂ» አለችው። እሱም መሬት መሬት እያየ፣ «ከአፉ ይልቅ ዝምታው ለተናገረ ተዋናይ ትላለች» አለ። ከዚያ የአባባ ስም ተጠራ። ሃያሲው ብቻውን ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት፤ እያጨበጨቡ የሚያለቅሱ ነበሩ። እማዬ ተነሥታ ፀጉር ማጠቢያው ጋ ሄደች፤ ቧንቧውን ከፍታ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። ሽልማቱን የተቀበለው ዳይሬክተሩ ነው። እሱም አያውቅም፤ ወሬው በጋዜጠኞች በኩል አንተ ዘንድ እንዳይደርስ ብላ እማዬ አውሮፕላን ስለሚፈሩ አይመጡም ብላው ነበር። እዚያ መድረክ ላይ ቆሞ ይህንኑ ተናገረ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። የእኛን ውሸት ያ ሁሉ የለበሰና ያጌጠ ሰው ሲስቅበት ሰማን።

ዋናው ሽልማት ለሌላ ፊልም ተሰጠ፤ ስለ ሁለት እህትማማቾችና ስለ አንድ አሮጌ መርከብ የሚያወራ ነው አሉ። ሃያሲው ተነሣ። ዳኞቹ ዓይን የላቸውም፣ ዋናውን በሉን፣ ያ መርከብ ከነተሳፋሪው ይስመጥ እያለ ቤቱን ሊያቃጥል ደረሰ። አስተማሪው መርከቡን ስለወደደው መልስ ሰጠው፤ ጭቅጭቁ እንደ ድሮው ጦፈ። ድሮ እንዲህ ሲሆን አባባ መቀሳቸውን እያንኳኩ ይዳኙ አልነበር? ሁለቱም በልማድ፣ ይፍረዱን ብለው ወደ ወንበሩ ዞሩ። ዞሩና እዚያው ቀሩ። ሃያሲው ኮፍያውን አንስቶ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን የማናውቃቸው ሰዎች መጡ። አሥር ይሆናሉ፤ ፊልሙን የወደዱ፣ ከከተማው ሌላ ጫፍ የመጡ፣ አበባ የያዙ። አባባ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ዙሪያቸውን ቆመው እንኳን ደስ ያለዎት አሏቸው። አባባ አዩአቸው እንጂ ምን ይበሉ። ያኔ አንደኛዋ ልጅ በቀስታ፣ «አያችሁ፣ ገና ከገጸ ባሕርያቸው አልወጡም» አለች። ሌሎቹም ገብቷቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አጨበጨቡላቸው። እኔ ወንበር ተሸክሜ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። መናገር ነበረብኝ፣ አይደለም? አባቴ ታመዋል፣ ይህ ትወና አይደለም ማለት ነበረብኝ። እማዬ ከመስኮቱ ታየኛለች። ስልካቸውን አውጥተው ሲቀርጹ እንኳ አንድ ቃል አልወጣኝም። በቤታችን ቃል የከዳቸው አባባ ብቻ አይደሉም፣ ወንድም ጋሼ።

የቀረጹትን ኢንተርኔት ላይ ለቀቁት። ብዙ ሰው አየው፤ ከሁለት ቀን በኋላ አንድ የሕክምና ሰው ነኝ የሚል አፋቸው ወደ አንድ ጎን መጣመሙን አይቶ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ምን ብዬ ልንገርህ። መርከቡን የሚወዱት፣ ሽማግሌው ድሮም በሽተኛ ነበር፣ በሽተኛ ካሜራ ፊት አስቀምጦ ትወና ነው ማለት ማጭበርበር ነው፣ ሽልማቱ ይመለስ ይላሉ። የእኛን ፊልም የሚወዱት ደግሞ እነሱን ይሳደባሉ። ዳይሬክተሩ ከውጭ በተመለሰበት ቀን በቀጥታ ወደ ቤት መጣ፤ አባባ እግር ሥር ተንበርክኮ ጉልበታቸው ላይ አለቀሰ። የታመሙበትን ቀን ጠቅሼ እውነቱን ልናገር ብሎ እማዬን ለመናት። እሷ «ልጄ ይሰማል» ከማለት ፈቀቅ አላለችም። ያመጣውን የሽልማት ሐውልት በነጠላ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባችው። ይህን ሁሉ አንተ ከባዳ ከምትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ነው የጻፍኩልህ።

ትናንት ሃያሲው እየሮጠ መጣ። ስልኩን ሲበረብር አንድ ነገር አግኝቷል፤ ፊልሙ በሚሠራበት ሰሞን አባባ ፀጉር ቤት ሲያወሩ የቀረጸው። ይህን አሳይቼ ድሮም በሽተኛ ነበር የሚሉትን አፋቸውን አስይዛቸዋለሁ አለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ከፈተው። አባባ የሰው ጭንቅላት ይዘው እየከረከሙ ያወራሉ። አንድ ሰውዬ መጣ፣ ፀጉሬን አስተካክለኝ፣ ባርኔጣዬን ግን አላወልቅም አለኝ ይላሉ። ለምን ስለው ባለቤቴ በእጇ ነው ያጠለቀችልኝ፣ ሳታወልቅ ተመለስ ብላኛለች አለ፤ ታዲያ እኔ ምን አልኩት መሰላችሁ ይላሉ። እዚያ ላይ ተቋረጠ። የስልኩ ባትሪ አልቆ ነበር አለ ሃያሲው።

በዚህ መሀል እማዬ ከጓዳ እጇ ሳሙና እንደሆነ ወጣች። «ተናገረ?» አለች። ስልኩን አየችና እዚያው የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። አባባ ግን አፋቸውን ከፈቱ። ግራ እጃቸውን ወደ ራሳቸው አነሡ፤ ባርኔጣ እንደሚይዝ ሰው ጣታቸውን አጠፉ። «ባ… ባ…» አሉ። ደጋገሙት። ላባቸው መጣ። ሃያሲው ጎንበስ ብሎ፣ ባርኔጣውን ነጠቁት? ከነባርኔጣው ላጩት? እያለ የመጣለትን ሁሉ ጠየቃቸው፤ ሁሉንም አይደለም በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። በመጨረሻ ወንበሩን በጡጫ መቱና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሃያሲው የቀረጸውን ለቆታል፤ ሰዎቹ ከስንት ዓመት በፊት የተቀረጸ ነው ብለው አጣጣሉት። እሱ አሁን የሚያሳስበኝ አይደለም።

ወንድም ጋሼ፣ ና አልልህም፤ ወረቀትህን አውቃለሁ። አትምጣም አልልህም፤ ሐኪሙ ስለ ጊዜ ስጠይቀው ዓይኔን አያየኝም። ምን እንደምልህ አላውቅም። የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው። አንተ ከትምህርት ቤት መልስ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ስንት ዓመት ተቀምጠህ ሰምተሃቸዋል፤ እኔን ሴት ልጅ ፀጉር ቤት አትውልም ብለው ይመልሱኝ ነበር። አባባ ባለ ባርኔጣውን ምን አሉት? ካወቅከው ደውልና ጨርስላቸው። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደርገዋለሁ፤ ተኝተዋል አልልህም። የእማዬን ቁጣ እኔ እችለዋለሁ። ካላወቅከውም ደውል።

ባለቤትህን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ያደረገችልንን ሁሉ እንደማንረሳ ንገራት። ትንሿን አክስትሽ ናፍቃሻለች በልልኝ። አብሮህ የሚሠራውን ያንን ጓደኛህንም ሰላም በልልኝ። አስተማሪው ሰላም ብሎሃል። ሃያሲው ሰላም ብሎሃል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ፀጉሩን ሌላ ቤት አልተስተካከለም፣ አሁንም እንደጎፈረ ነው። እማዬ እንደጻፍኩ ባታውቅም ሰላምታዋ እንደማይቀርብህ ታውቃለህ። አባባ ስምህን ስጠራላቸው ዓይናቸውን ወደ በሩ ያዞራሉ።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ

ከፀጉር ቤቱ፣ ቅዳሜ የካቲት ፱ ቀን