ስዊድንን የነጠቀችኝ ልጅ

ማክሰኞ፣ ጥር 5
ሮክቪል፣ የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ የምቀበልበት ቡዝ ውስጥ ዋልኩ። የሚገባ መኪና ሲጠፋ አነበብኩ። የስዊድን ልብወለድ... መንደሩ ሁሉ ተራውን ጠብቆ፣ ሳይነጋገር ያረጃል። ኮሌጅ የስካንዲኔቪያን ሥነጽሑፍና ፊልም የወሰድኩት ከሥራ ሽፍቴ ጋር የሚሄድ ሌላ ክላስ ስለጠፋ ነበር። አሁን ማን ያስቁመኝ! ጥር 30 ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የንባብ ማኅበራችን ፊት አቀርባለሁ፤ «ስዊድናዊ ማነው? በመጽሐፋቸውና በፊልማቸው» ብዬ። አሥራ አራት ገጽ ጽፌያለሁ። ሰው ቁጭ ብሎ ሊሰማኝ ነው... እኔን፣ ባዩሽን።

ቅዳሜ፣ ጥር 9
የማኅበሩ ሰብሳቢ ጋሽ ወልደአምላክ አንዲት ልጅ ይዘው መጡ። ሩሃማ ትባላለች። ከሐበሻ ወላጆች ስዊድን ተወልዳ ያደገች፣ ለሥራ መጥታ እዚሁ ቅርብ አሌክሳንድሪያ የምትኖር። አማርኛዋ ስብርብር ያለ ነው፤ ሁሉም ግን አፍ አፏን ያያል።

«ባዩሽዬ፣ መቼም የአገሩ ሰው እያለ... እንግዳም ናት፣ የጥር 30ውን መድረክ ብትለቂላት» አሉኝ ጋሽ ወልደአምላክ።

በሰው ፊት እንዴት እምቢ ይባላል? ደስ ይለኛል አልኩ። ምኑ ነው ደስ የሚለኝ?

ረቡዕ፣ ጥር 13
ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ... እሺ፣ ስዊድን የሰው ወርቅ ናት። ግን መወለድ ሙያ ነው እንዴ? እኔ ዲክሽነሪ ይዤ የለፋሁበትን እሷ ከእናቷ ሆድ ይዛው ወጣች። አንድ ቦታ እንድትሳሳት እመኛለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እመኛለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 30
ልጄን ሄለንን ጎትቼ ሄድኩ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እንደዚህ ዓይነት ስብሰባ አትወድም።

ሩሃማ አልተሳሳተችም። ልጅ ሆና ሲኒማ ስትገባ እሷን የሚመስል ሰው ትፈልግ እንደነበር ነገረችን። ካለም ወይ ወለል ይጠርጋል፣ ወይ ፖሊስ ያሳድደዋል። እነዚያ ሁሉ ደራሲዎች «እኛ» ሲሉ ማንን ማለታቸው ነው? ብላ ጠየቀች። እኔ በዚያ ሁሉ ገጽ ይህን አንድ መስመር አልጻፍኩም። አንገበገበኝ። ሲያጨበጭቡላት እጄን አወጣሁ።

«ለመሆኑ አንቺ ራስሽ ስዊድናዊ ነሽ ወይስ ሐበሻ? አንዱን ምረጪ» አልኳት።

ለቀልድ ነው ብል ውሸት ነው። እንደሚያማት አውቄ ነው።

«እዚያ ትምህርት ቤት ሁልጊዜ ይጠይቁኝ ነበር። እናንተ የምትጠይቁኝ አልመሰለኝም» አለች።

ማንም ቀና አላለም። ጋሽ ወልደአምላክ እንኳን።

እሁድ፣ የካቲት 1
ሄለን ትናንት መኪና ውስጥ አላናገረችኝም። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ያንን ጥያቄ እኔንም ትጠይቂኛለሽ አለች፣ በእንግሊዝኛ። መቼ? አልኳት። ዘመድ ፊት «ፈረንጅ ሆነሻል» ያልኳትን ቀን ሁሉ አንድ በአንድ ቆጠረችልኝ። ለካ እየቆጠረች ነበር...

«የትኛዋን እንድመርጥልሽ ነው፣ ማም?»

በስካንዲኔቪያን ክላስ ኤ ያመጣሁት፣ ቤቴ ያለችውን ግን ያላነበብኩት እኔ ነኝ እንግዲህ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5
ሩሃማ ጋ ደወልኩ። በቅናት ነው ይቅር በዪኝ አልኳት። እኔ ደግሞ በአንቺ አማርኛ ነው የምቀናው አለችኝ። ፊልም እንድታይ ሄለንን ላኪልኝ አለች። እኔን አልጠራችኝም። አልፈርድባትም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7
ሄለንን አሌክሳንድሪያ አደረስኳት። ሩሃማ በር ላይ ጠበቀቻት፤ አማርኛና እንግሊዝኛ እየቀላቀሉ ገና ሳይገቡ ይሳሳቃሉ። ልጄ ከእኔ ጋር እንደዚያ ስቃ አታውቅም። ቀናሁ... ከስዊድኑ ይሄ ባሰ።

ፊልሙ ስለምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያወሩ፣ ሁሉንም ልጠይቃት አማረኝ። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ «ስንት ሰዓት ልምጣ?» ብቻ አልኳት።