ከሦስተኛው ስም በኋላ

ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት አባቴ፣

እንደምን ከርመዋል? ዓይንዎ እንዴት ነው? መርፌ ላይ ክር ሲሰኩ አሁንም እማዬን ይጠራሉ ወይስ መነጽሩን እሺ አሉ? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ያ የግራ ትከሻዎስ? እማዬ፣ ሾፌሩ ወንድሜ፣ ነርሷ እህቴ፣ ፀጉር አስተካካዩ ወንድሜ ከነወሬው፣ ሁሉም ደህና ናቸው? ድመቷስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ባልሆንም ደህና ነኝ ብዬ ነበር የምጀምረው፤ ደብዳቤ የሚጀመረው እንዲህ ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳይሉኝ። በስልክማ “ሄሎ አባባ” ስል “እናትሽ እዚህ አለች” ይሉና ያቀብሏታል። ለትምህርት ወደዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ከአፍዎ የሰማሁት ይህችኑ ነው። ደብዳቤ ግን ለሌላ ሰው ቢያቀብሉትም ፖስታው ላይ ያለው ስም የእርስዎ ነው። እማዬም ብታነበው ደስ ይለኛል፤ ግን ከእርስዎ በኋላ።

መጀመሪያ ቅሬታዬን ልናገርና ይውጣልኝ። የሄድኩ ዕለት ታክሲው በር ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ሲነፋ፣ ቤተሰቡ ሁሉ እያገላበጠ ሲስመኝ፣ እርስዎ ሱቅዎ ገብተው የስፌት መኪናዎን ይረግጡ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ “አባባ፣ ይመርቁኝ እንጂ” ስልዎት ቀና እንኳ ሳይሉ “የሰው ሱሪ ለዛሬ ቀጥሬያለሁ” አሉኝ። ሾፌሩ ወንድሜ ለመንጃ ፈቃድ ሊፈተን በሄደ ቁጥር መርቀውታል። ሦስቴ ወድቆ ሦስቴም መርቀውታል! እኔ የትምህርቱን ፈተና አልፌ ስሄድ፣ ምርቃቱ ለእኔ ሲሆን አለቀ? ቅር ብሎኝ ነው የሄድኩት፤ ይህን ሳልጽፍ ወደ ጨዋታው ብገባ ውሸት ይሆንብኛል።

የተቆጡበት ምክንያት አልጠፋኝም። “ሃይማኖት ይኖሩታል እንጂ ይማሩታል እንዴ? ደግሞስ ፈጣሪን ፍለጋ ባሕር መሻገር ምን ይሉታል፣ እዚህ የጠፋ መስሎሽ ነው?” ብለውኝ ነበር። እኔም እንደ ዓመሌ “ለምን?” አልኩ፤ ነገሩ የከረረው ያኔ ነው። አሁን ምን እንደምንማር ልንገርዎትና ይፍረዱ። ከተቻለም ይሳቁ።

የሃይማኖት ጥናት ፕሮፌሰራችን ሸምገል ያለ፣ ሹራቡን በሳምንት ሁለት ቀን ገልብጦ የሚለብስ ሰው ነው፤ እርስዎ ቢያዩት ስፌቱ ወደ ውጭ መሆኑ እንቅልፍ ይነሳዎት ነበር። አንቱ ስለው “አስረጀሽኝ” ብሎ ስለተቆጣኝ በእርስዎ ፈቃድ እሱ እያልኩ ልቀጥል። የመጀመሪያው ቀን “ሃይማኖት ምንድን ነው?” ብሎ ጠየቀን። ሁላችንም እጃችንን አወጣን። እያንዳንዱ የተናገረውን እየተቀበለ፣ እርስዎ አሮጌ ኮት እንደሚተረትሩት ቀስ አድርጎ ተረተረው። ክፍል ስንገባ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ስንወጣ የሚያውቅ አልነበረም። ፕሮፌሰሩ በጣም ደስ ብሎት “ጥሩ ጀምረናል” አለን። “አንተ ራስህ ታምናለህ?” ብዬ ብጠይቀው ደግሞ “ሴት ልጅ ዕድሜዋን ትጠየቃለች?” አለኝ።

አብሮኝ የሚማር አንድ ልጅ አለ፤ ሳምንታዊው እንለዋለን። የተማረውን ሁሉ በዚያው ሳምንት ይሆናል። ስለ ጾም የተማርን ሳምንት ጾመ፤ ስለ ምናኔ የተማርን ሳምንት ፍራሹን አውጥቶ ኮሪደር ላይ አስቀመጠውና ሌላ ተማሪ ወሰደበት። እስካሁን መሬት ላይ ነው የሚተኛው፤ ምናኔው ግን ካለፈ ቆይቷል።

ለሌላው ሰው ደግሞ ሃይማኖት እማራለሁ ማለት ጣጣ ነው። አከራዬ ይህን በሰማች ማግስት የውሃ ማሞቂያዋን እንድባርክላት ለመነችኝ። “እኔ አጠናለሁ እንጂ አልባርክም” ብላት “ሕክምና ተምሮ የማያክም አለ እንዴ?” አለችኝ። መግቢያ መውጫ ስታሳጣኝ፣ እርስዎ መኪናዎ እምቢ ሲልዎ እንደሚያደርጉት ጎኑን በመዳፌ ሁለቴ ጠፍ ጠፍ አደረግሁት። አይሠራ መሰለዎት? ከዚያ ወዲህ ቧንቧ ሠራተኛ መጥራት ትታለች። ጎረቤቷም ለቴሌቪዥኗ ቀጠሮ ይዛለች።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ግን ከማንበብዎ በፊት እማዬን እንደማይቆጧት ቃል ይግቡልኝ። ገቡ? እሺ።

ፕሮፌሰሩ ለሁላችንም አንድ ሥራ ሰጠን፦ ከየቤታችን አንዳንድ ጸሎት በድምፅ ተቀድቶ እንዲመጣ፣ ከዚያም የተሰማው ሁሉ አንድ ሳይቀር እንዲጻፍ። ቃሉ ብቻ አይደለም፤ ትንፋሹም፣ ዝምታውም፣ የማንኪያው ድምፅም። “የቱ ጸሎት ነው፣ የቱ አይደለም ብላችሁ እናንተ አትምረጡ፤ ዝም ብላችሁ ጻፉ” አለን። እኔ ደግሞ ከእርስዎ የማዕድ ጸሎት ሌላ ጸሎት የት አውቃለሁ? ስለዚህ እማዬን ለመንኳት። እሷም ስልኳን ከስኳር ጣሳው ጀርባ ሸሽጋ ሦስት ቀን የምሳ ጸሎትዎን ቀዳችልኝ። ያን ሰሞን ጣሳው ከፊትዎ አልነሳ ብሎ “ይህ ስኳር እዚህ ምን ይሠራል?” እያሉ የተቆጡት ለዚህ ነበር። ቁጣውም ተቀድቷል፤ እሱንም ጽፈነዋል።

ክፍል ውስጥ ድምፅዎ ሲከፈት እንዴት እንደሆንኩ አልነግርዎትም። “ጌታ ሆይ፣ ስለሰጠኸን እናመሰግናለን” ብለው ጀመሩ። ትንሽ ቆይተው በዚያው ቃና፣ ድምፅዎን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ፣ “አንተ ልጅ በሩን ዝጋው ድመቷ ገባች፣ ማዕዳችንን ባርክልን” አሉ። እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ሌሎቹ ግን አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ!

ሳምንታዊው ስለ ድመቷ ስድስት ገጽ ጽፎ መጣ። ድመቷ የውጭው ዓለም ምሳሌ ናት አለ፤ በጸሎቱ መካከል በር መዝጋት ቅዱሱን ካልተቀደሰው መለየት ነው አለ፤ በሩን የሚዘጋው ሁልጊዜ ወንድ ልጅ መሆኑ ደግሞ ሌላ ምሥጢር አለው አለ። እኔም “ምሥጢሩ ለበሩ ቅርብ የሚቀመጠው እሱ መሆኑ ነው፤ ድመቷም ሌባ ናት፣ ሥጋ ትሰርቃለች” አልኩ። ፕሮፌሰሩ ራሱን እየነቀነቀ “የቤቱ ሰው ቤቱን አያየውም፤ ይኖርበታል” አለኝ። አነጋገሩ ቁጭ እርስዎን መሰለኝ። ብሽቅ ብዬ “እኛ ጋ ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ነው የሚባለው” ብል፣ አባቴ፣ ይህንንም ጻፉት! አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ድመት የሚያመነኩሰው የትኛው ገዳም እንደሆነ ሲከራከሩ ዋሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሳልዎ ደረስን። ፕሮፌሰሩ ጸሎቱን አስቁሞ “ይህ ሳል ምንድን ነው?” አለኝ። ድመቷን እንዲህ ያደረጉ ሰዎች ሳልዎን ምን ሊያደርጉት እንደሚችሉ ስለማውቅ ፈጠን ብዬ “ምንም አይደለም፤ አባቴ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ የጨርቅ ብናኝ ነው” አልኩት። “ብናኝ ቦታ ይመርጣል?” አለኝ። አልገባኝም። ሦስቱንም ቀን እንደገና ከፍቶ አሰማን።

በመጀመሪያው ቀን የልጆችዎን ስም መጥራት ጀመሩ። ለሾፌሩ መንገዱን አቅናለት አሉ። ለነርሷ ጉልበት ስጣት አሉ። ለፀጉር አስተካካዩ ልቦና ስጠው አሉ። ከዚያ ሳሉ። ከዚያ “አሜን”። በሁለተኛውም ቀን እንደዚሁ፦ ሾፌሩ፣ ነርሷ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ሳል፣ አሜን። በሦስተኛው ቀን ድመቷ ቀድማ ስለገባች ነገሩ ጠፋብዎትና ከሾፌሩ እንደገና ጀመሩ፤ ፀጉር አስተካካዩ ላይ ሲደርሱ ሳሉ። ሌላ ቦታ አይስሉም። ድምፁን ቤቴ ሆኜ ስንቴ ሰምቼው ነበር፤ በድመቷ ስስቅ ይህን ልብ አላልኩም።

ፕሮፌሰሩ ዝቅ ባለ ድምፅ “ቤታችሁ ስንት ልጆች ናችሁ?” አለኝ።

“አራት” አልኩት።

የሚጽፍ ሰው አልነበረም። እኔም ፊቴን ልታጠብ ብዬ ወጣሁ። ያ ሳምንት ስለ አርምሞ የተማርንበት ስለነበር ሳምንታዊው አፉን ከዘጋ አራተኛ ቀኑ ነበር፤ እኛም ሳምንቱ ወር እንዲሆን ስንመኝ ነው የሰነበትነው። ያ ልጅ ኮሪደሩ ድረስ ተከትሎኝ መጥቶ “ውሃ ላምጣልሽ?” አለኝ። አርምሞውን አፈረሰ። ስለ ድመቷ የጻፈውን ሁሉ ያኔ ይቅር አልኩት።

አባባ፣ ቤት ሳለሁ ከፀጉር አስተካካዩ ቀጥሎ ምን ይሉ እንደነበር እኔ አልረሳሁም። “ይቺን ጠያቂ ደግሞ መልስ አታሳጣት” ይሉ ነበር። እኔም ሁልጊዜ ኪኪ እላለሁ፤ እርስዎም አንድ ዓይንዎን ከፍተው ይገላምጡኛል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲባል እሰማ ነበር፤ እርስዎ ደግሞ ብቅል አይቀምሱም። ከላይ ያለውን ቅሬታዬን ከጻፍኩ በኋላ ደውዬ ስለዚያ ስለ ሱሪው እማዬን ጠየቅኋት። “የምን ሱሪ?” አለችኝ። “ያን ቀን መኪናው ላይ ጨርቅ የሚባል አልነበረም፤ ባዶውን ነው ሲረግጥ የዋለው።”

እኔም የራሴን ልንገርዎት። እዚህ ምሳ ከመብላቴ በፊት የእርስዎን ጸሎት እላለሁ። ፕሮፌሰሩ ስላዘዘኝ አይደለም፤ አልሰማም፣ አያውቅም። ለሾፌሩ መንገዱን፣ ለነርሷ ጉልበቱን፣ ለፀጉር አስተካካዩ ልቦናውን እለምናለሁ፤ እማዬን አነሳለሁ፤ አንዳንዴ ድመቷንም። ከዚያ “ለልብስ ሰፊው ዓይኑን ጠብቅለት” ልል ስል ሳል ይይዘኛል። የምበላው ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ወለሉ በቀን ሁለቴ ይወለወላል። የጨርቅ ብናኝ የለም።

ጽሑፌን የማስረክብበት ቀን እየቀረበ ነው። ያቺን አንዲት መስመር ባዶ ትቻታለሁ። “ሳል” ብዬ ልጽፍ እጄ እምቢ አለኝ። ሳምንታዊው “የተቀደሰ ሳል” በይው ብሎኛል፤ እሱን ይተዉት። ፕሮፌሰሩን ምን ልጻፍ ብለው “የቤቱን ባለቤት ጠይቂ” አለኝ። እኔም ይኸው እየጠየቅሁ ነው፤ ዓመሌ ነው፣ ምን ላድርግ። መልሱን ለመጻፍ እንዳይቸገሩ። እማዬ ደብዳቤው ደረሰ ባለችኝ እሁድ ከምሳ በፊት እደውላለሁ። እናትሽ እዚህ አለች ይበሉኝ፣ ግድ የለም፤ ብቻ ስልኩን ከማቀበልዎ በፊት አንዴ ይሳሉልኝ። ይበቃኛል።

ፈጣሪ ዓይንዎን ያብራልዎ፤ እጅዎን ከመርፌ፣ መርፌውን ከመሰበር ይጠብቅልዎ። ለእማዬ ዕድሜ፣ ለቤቱ ሰላም ይስጥ፤ በሩንም የሚዘጋው ሰው አያሳጣው። ይህን የምለው ልጅ አባቱን መመረቅ እንደማይገባው ጠፍቶኝ አይደለም፤ አንዳችን መጀመር ስላለብን ነው። በሉ አሜን ይበሉ።

አራተኛ ልጅዎ