ቀይ ካርድ ያላዩት ሁለቱ ተጫዋቾች

ቀን፦ መጋቢት 13 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለምሥራቅ በር ሳምንታዊ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ
ደሴ

ጉዳዩ፦ በስፖርት ገጽ የወጣ ስሕተት ረመዷን ከመግባቱ በፊት እንዲታረም፣ የተባባሪ ዘጋቢዎች ሁኔታም እንዲታይ ስለመጠየቅ

ክቡር ዋና አዘጋጅ፣

እኔ አመልካች በጋዜጠኝነት ከተመረቅሁ ወዲህ ከመርሳ፣ ከወልድያና ከሀብሩ ወረዳ የእግር ኳስ ዜና የምልክልዎ ተባባሪ ዘጋቢ ነኝ። ቅጥር የለኝም፤ የሚከፈለኝ በታተመ ዘገባ ነው። የመጓጓዣና የስልክ የሚባል ነገር የለም። ጦርነቱ ሜዳውን ሲዘጋው የእኔም እንጀራ አብሮ ተዘጋ። ይህን የማነሣው ለማማረር ሳይሆን የሚከተለው ነገር ሁሉ መነሻው እሱ ስለሆነ ነው።

የመርሳ ልጆች ሲያገኙኝ «ጋዜጠኛው፣ ዛሬስ ማን ጋበዘህ?» ይሉኛል። ከጨዋታ በኋላ ቡድኖቹ ምሳ ሲቀርብላቸው እኔም ጥግ ይዤ አብሬ እንደምበላ ያውቃሉ። የበላሁበትን ቡድን ሽንፈት ቁጭ ብሎ መጻፍ ምን ያህል እንደሚያሸማቅቅ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። እንዲያም ሆኖ ሥራዬን እወደዋለሁ። ከዘገባው ሥር «አበባው ሀይሉ፣ ከመርሳ» የሚለውን ሳይ አሁንም ደስ ይለኛል። ይለኝ ነበር ማለት ይሻላል።

ከጦርነቱ በኋላ የመጀመሪያው ጨዋታ የካቲት መጨረሻ ላይ በጎረቤት ከተማ በግራና ሜዳ ተደረገ። ግራና መርሳን ጋበዘ። የግራና ልጆች ግን ወደ ሜዳ የገቡት ዘጠኝ ሆነው ነው። ሲራጅ ይስማው እና መልካሙ ወልዴ ጦርነቱ በአካባቢው ሲያልፍ ሞተዋል፤ ጓደኞቻቸውም በእነሱ ቦታ ሰው አናስገባም አሉ። ይህን ያየው የመርሳው አምበል ረዲ ዞር ብሎ ሁለት ልጆቹን «እናንተ ውጡ፣ እነሱ ዘጠኝ ከሆኑ እኛም ዘጠኝ ነን» አላቸው። የወጡት ልጆች አልተከራከሩም። ጨዋታው ያለ አንድ ክርክር አለቀ። የወደቀውን የሚያነሣው የጣለው ልጅ ነበር። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጨዋታ አይቼ አላውቅም፤ ይህን ጽፌ ብሞትም አይቆጨኝም ብዬ ነበር።

ኢንተርኔት ገና ስላልተመለሰ ዘገባውን እንደ ወትሮው በስልክ አስጻፍኩ። ስልኬን የምትሞላልኝ ታናሽ እህቴ እየሩሳሌም ናት፤ መርሳ ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች። ለተቀባዩ ባልደረባ ውጤቱን ነገርኩ፤ ዘጠኝ ለዘጠኝ መጫወታቸውን ነገርኩ፤ «የግራና ጎዶሎዎች ሲራጅ ይስማውና መልካሙ ወልዴ ናቸው፣ ሁለቱም...» ስል ሒሳብ እያለቀ መሆኑን የሚያስጠነቅቀው ድምፅ መጣ። እኔም ደንግጬ «ወይኔ፣ ካርድ!» አልኩ። ስልኩ ተቋረጠ።

እኔ ያልኩት የሞባይል ካርድ ነው። የተጻፈው ሌላ ካርድ ነው።

በማግሥቱ እህቴ ስትሞላልኝ ብደውል «ደርሶናል፣ ገጹ ለኅትመት ተዘግቷል» ተባልኩ፤ ሁሉም የገባቸው መስሎኝ እፎይ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ቅዳሜ ጋዜጣው ሲመጣ ርእሱ «ቀይ ካርዶች የበዙበት ጨዋታ» ይላል። ሲራጅና መልካሙ በቀይ ካርድ ከሜዳ መውጣታቸውን፣ ከመርሳም ሁለት ተጫዋቾች መሰናበታቸውን፣ ጨዋታውም «ኃይል የተቀላቀለበት» እንደነበር ይተርካል። ከሥሩ የእኔ ስም አለ።

ክቡር ሆይ፣ ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ስድቡን ችዬ ዝም ባልኩ ነበር። አሁን መርሳ ውስጥ ስሜ «ቀይ ካርድ» ሆኗል፤ እሱንም ለምጄዋለሁ። ግን የሲራጅ እናት እማማ ዘይነባ ኮምቦልቻ ልጃቸው ሀፍሳ ዘንድ የደም ግፊት እየታከሙ ነበር። ሕመሙ ሳይሻላቸው መርዶ አይነገራቸው ተብሎ፣ አባትየው ጋሽ ይስማው «ሲራጅ ጅቡቲ ሥራ አግኝቶ ሄዷል፣ ስልክ አልያዘም» እያሉ ክረምቱን ያህል የከበደ በጋ አሳልፈዋል። የኮምቦልቻ ጎረቤት ጋዜጣዎን አንብቦ «እማማ፣ ልጅዎ ግራና ኳስ እየተጫወተ ነው» አላቸው።

እናት ቀሪውን ቀን አልጠበቁም። ገጹን ቀድደው፣ አጣጥፈው፣ አውቶቡስ ተሳፍረው መርሳ መናኸሪያ ወረዱ። ከዘገባው ሥር ያለውን ስም እየጠሩ ሲጠይቁ ሰዎች ወደ እኔ አመጧቸው። «አንተ ነህ የጻፍከው? አሰላሙ አለይኩም ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ቁጣቸውን ለቀቁት፦ «ከጅቡቲ መጥቶ እናቱን ሳያይ ሜዳ ይገባል? እሺ ይግባ! ዳኛ የሚሰድብ ልጅ ግን አላሳደግሁም። የት እንዳለ አሳየኝ፣ ዛሬውኑ ዳኛው እግር ላይ ጥዬ ይቅርታ አስጠይቀዋለሁ።» እየተቆጡ ፊታቸው ያበራ ነበር።

አራት ዓመት ቃላት ተምሬ፣ «እስኪ ጋሽ ይስማው ዘንድ እንሂድ» ብቻ አልኩ። የባጃጁን ሒሳብ እሳቸው ከፈሉ፤ እኔ አልነበረኝም። የልጃቸውን መርዶ ሊረዱ በሚሄዱበት መንገድ ለእኔም ከፍለው መሄዳቸውን ሳስብ እስከ ዛሬ ቀና ብዬ መሄድ ያቅተኛል።

መርዶውን ሽማግሌዎች ነገሯቸው። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ስደርስ ሊያባርሩኝ ይችላሉ ብዬ በር ላይ ቆምኩ። እሳቸው ግን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝና «ምነው እውነትህን በሆነ። ዕድሜውን ሙሉ በቀይ ካርድ በተባረረ» አሉ። ቆይተውም «በል አሁን አስተካክለው። የሞተ ልጅ ስሙ እንጂ ሌላ ምን አለው?» አሉኝ። ለሲራጅ ሰደቃ የሚወጣው ከረመዷን በፊት ባለው የመጨረሻ ሳምንት ነው፤ ያን ዕለት ጋዜጣው እንዲነበብላቸው ይፈልጋሉ።

ይህንኑ ለክቡርነትዎ ምክትል በስልክ አመልክቼ ነበር። የሰጡኝ መልስ የወረዳ ወዳጅነት ጨዋታ እርምት አይወጣለትም፣ ተባባሪ ዘጋቢም አቤቱታ የሚያቀርብበት አሠራር የለም የሚል ነው። ለቋሚ ስፖርት ዘጋቢነት ማመልከቻ ማስገባቴንም አስታውሰው «ይህን ነገር ብትተወው ለራስህ ይበጅሃል» ብለውኛል። ለእኔ በማሰብ እንደተናገሩት አልጠራጠርም። ሥራውን ምን ያህል እንደምፈልገው ደብቄ አላውቅም፤ አብረውኝ የተመረቁት ባንክ ሲገቡ እኔ ሜዳ ለሜዳ የቀረሁት አንድ ቀን ይህ በር ይከፈታል ብዬ ነው። ልቀጠርበት የምለምነውን ቤት መክሰስ መስሎ ስለሚታየኝም ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ነገር ግን እማማ ዘይነባ ፊት ካፈርኩት አይብስም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው፦

1ኛ. ከዚህ በታች የጻፍኩት እርምት በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ በዚያው ገጽ፣ በሚነበብ ፊደል እንዲወጣ፤

2ኛ. ተባባሪ ዘጋቢ ሲደውል ዝግጅት ክፍሉ ስልኩን ዘግቶ መልሶ እንዲደውልለት። ደመወዝ ባይኖረን እንኳ ዓረፍተ ነገራችንን እንድንጨርስ፤

3ኛ. የቅጥር ማመልከቻዬ ከዚህ አቤቱታ ጋር ሳይያያዝ በሥራዬ ብቻ እንዲመዘን። ማመልከቻውን አልስብም፤ አቤቱታውንም አልስብም።

ለእርምቱ ቦታ ከጠበበ የዚያ ሳምንት ዘገባዬ ይቅርና በእሱ ቦታ ይግባ። ጽሑፉ ይህ ነው፦

«በግራና ሜዳ በተደረገው የግራናና የመርሳ ጨዋታ ማንም ቀይ ካርድ አላየም። ሲራጅ ይስማው እና መልካሙ ወልዴ አልተሰለፉም፤ በጦርነቱ ሞተዋል። ጓደኞቻቸው ቦታቸውን ክፍት ትተው ተጫወቱ። የመርሳ ቡድንም ከእነሱ ጋር እኩል ለመሆን ሁለት ልጆቹን በፈቃዱ አስወጣ።»

ያን ቀን ልል የነበረው ይህን ነው።

በአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ ውሳኔዎን እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
(ፊርማ)
አበባው ሀይሉ
የጋዜጣው ተባባሪ ስፖርት ዘጋቢ፣ መርሳ

ማሳሰቢያ፦ ስልኬ ካርድ ባይኖረውም ጥሪ ይቀበላል።