የሀይሌ ጋርመንቱ ሰሌዳ ላይ የሚስቀው ልጅ የእኔ ነው

ይድረስ ለተከበሩ የኮሌጁ ዲን፣

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከመካኒሳ አቦ፣ ጨጓራዬንና እንቅልፌን ካላነሣን በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለእርስዎም ጤናውን አብዝቶ ይስጥልኝ፤ አንገቱን ያመመው ሰው ሰሌዳዎን ቀና ብሎ ማየት አይችልምና።

ወይዘሮ ተናኘወርቅ እባላለሁ። ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ተራው ፊት ለፊት ባቆሙት ትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የምረቃ ጋዋን ለብሶ የሚስቀው ሚሳኤል የበኩር ልጄ ነው። ከሥሩ «የእኛ ምሩቃን ሥራ አይፈልጉም፤ ሥራ ይፈልጋቸዋል» ብለው አስጽፈዋል። ስላከበሩን እጅ እነሣለሁ። ልጁ ግን ከተመረቀ ጀምሮ ሥራ አላገኘም፤ ሥራውም እሱን ፍለጋ ቤታችን አልመጣም። ምናልባት የቤት ቁጥራችን ጠፍቶበት ይሆናል።

ቅሬታዎቼን በትሕትና በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ጎረቤታችን ጋሽ ጉርሜሳ ልጃቸውን ሥራ እንዲያስገባላቸው ሚሳኤልን ሲለምኑት ከርመው፣ ሰው ሲሆን ኮራብን ብለው አኩርፈውናል። እሱም ከቤት መውጣት ትቷል፤ ሲወጣም በገዛ ፎቶው ሥር ላለማለፍ በእግሩ ዞሮ ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ በስንት መከራ አንድ ድርጅት ለሂሳብ ሠራተኝነት ለቃለ መጠይቅ ጠራው። ጠያቂዋ ገና ሲገባ አወቀችው፤ ለካስ ጠዋት ማታ በሰሌዳዎ ሥር ነው የምታልፈው። ሥራ ያለው ሰው የሌላውን እንጀራ ባይሻማ መልካም ነው ብላ በክብር አሰናበተችው። ሥራ የለኝም ብሎ ቢምል ማን ይመነው? ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ የእኔዋ ላም ጋዋን ለብሳ ትመጣለች ብዬ ግን አላሰብኩም።

ከሁሉ የባሰው ሦስተኛው ነው። ታናሽ እኅቱ ናፍቆት እዚያው እርስዎ ዘንድ የመጀመሪያውን መንፈቅ ከክፍሏ አንደኛ ነበረች። በሁለተኛው መጽሐፍ መግለጥ አቆመች። ወንድሟ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ጣሪያ ላይ ሲያፈጥ እያየች ምን ብላ ታጥና? የፈተና ወረቀቷ ላይ ስሟን ብቻ ጽፋ እንደመለሰች የሰማሁት ከጓደኛዋ ነው። መምህራኖቿ ስንፍና ነው አሉኝ። ስንፍና አይደለም ክቡር ሆይ፣ ልጄን አውቃታለሁ፤ ተስፋ ነው የቆረጠችው። ለሚቀጥለው ዓመት ተመዝገቢ ብዬ እግሯ ላይ ስወድቅ እንዲህ አለችኝ፦ «እማ፣ ተመርቄ የት ልተኛ? ሶፋው እኮ ሁለት ሰው አይችልም።» ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ባለፈው ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ሰሌዳውን እንዲያወርዱልኝ ለምኜዎ ነበር። የተማሪ ቁጥር ስለቀነሰ ማስታወቂያው እንደሚያስፈልግዎ፣ እንዲያውም ናፍቆትን ከጎኑ ሊያቆሟት እንዳሰቡ በፈገግታ ነገሩኝ። ስለዚህ ቸርነትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ተማሪ ለምን እንደቀነሰ ግን እኔን ቢጠይቁኝ በነጻ እነግርዎት ነበር።

ምዝገባው አርብ ያበቃል። ጨንቆኛል፤ የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኛል። ወይ ሰሌዳውን ያውርዱልኝ፣ ወይ የጻፉበትን እውነት ያድርጉልኝ።

ከፎቶው በታች በየዕለቱ አንገቷን ደፍታ የምታልፈው፣ ለክብርዎ ዘወትር የምትጸልየው፣
ተናኘወርቅ፣ የባለሰሌዳው እናት

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ልጄን በየመሥሪያ ቤቱ የሚጠይቁት የሥራ ልምድ ነው። እንግዲህ ሚሳኤል ሁለት ክረምት ሙሉ በዝናብ በፀሐይ አደባባይ ቆሞ፣ አንድ ቀን ሳይቀር፣ ፈገግታውን ሳያጥፍ ተማሪ ሲጠራልዎት ኖሯል። የሥራ ልምድ ማስረጃውን ይጻፉለት። እስከ አርብ ከደረሰ ናፍቆትን እጇን ይዤ አስመዘግባታለሁ። ካልደረሰ ግን ለሰሌዳው የሌላ እናት ልጅ ይፈልጉ፤ እኔ ያሉኝ ሁለት ናቸው፣ ሁለቱንም ወስደውብኛል።