ጀርባ የማያነጣ ግድግዳ

ሸምሱዬ፣ የፎዚያ አባት፣ አላህ ይዘንልህ፤ ቀብርህን ያስፋልህ። ከተለየኸን ሁለት አረፋ አለፈ። ያኛውን እንዴት እንዳሳለፍነው እንኳን አላስታውስም። የሁለተኛውን ግን አንድም ሳላስቀር እነግርሃለሁ፤ ምክንያቱም ኮርቻለሁ። አንተ ስትኮራ ዝም ትል ነበር፤ እኔ ዝም ማለት እንደማልችልበት ታውቃለህ።

ያ ግድግዳ አለ አይደል፣ በረንዳው ላይ ስንት ዓመት ያናደደን? በበልጉ ዝናብ ልስኑ ከነቀለሙ ተገምሶ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ውስጡ ያለው ጭቃ ሲነኩት ጣት ያስገባል። ወንድምህ ነስሩ ይህን ሰምቶ ከአዲስ አበባ መጣ። ዞር ዞር ብሎ አየና በረንዳውን እናፍርሰው አለ፤ ድንጋዩ ይነሳ፣ ፊት ለፊቱ በብሎኬት ይሠራ፣ ወጪውን እኔ እችላለሁ አለ። ክፋት የለበትም፣ ለእኔው አስቦ ነው። ግን ያን በረንዳ ከእንሴኖ ስትመለስ አይሱዙህ ላይ ድንጋይ እየጫንክ፣ በእረፍትህ ቀን እጅጌህን ሰብስበህ በገዛ እጅህ ነው ያቆምከው። ከመንገዱ የሚወርደው ጎርፍ ቤታችን እንዳይገባ ከፍ አድርገህ ሠራኸው፤ እውነትም ገብቶብን አያውቅም። እኔ እያለሁ ድንጋዩ አይነሳም አልኩት። እሺ፣ ግድግዳውን በምን ልታቆሚው ነው ሲለኝ ግን ጥቂት ቀን ታገሰኝ አልኩት።

መልሱን ያገኘሁት አንተ ውዱእ ታደርግበት የነበረው ቦታ ላይ ነው። ከሄድክ ወዲህ እኔም እዚያው፣ ያንተው ዱካ፣ በርጩማህ ላይ ተቀምጬ ውዱእ ማድረግ ለምጃለሁ። አንድ ቀን ለአስር ሰላት ማንቆርቆሪያውን ሳዘነብል ውሃውን በዓይኔ ተከተልኩት። ወደ ደጅ ይወርዳል ስል በእግሬ ሥር ተመልሶ ቀጥ ብሎ ግድግዳው ሥር ገባ። ደግሜ አፈሰስኩ፤ አሁንም እንደዚያው። ለካ አንተ ጎርፉን ፈርተህ የበረንዳውን ጫፍ ከፍ ስታደርግ ወለሉን ወደ ቤት አዘንብለኸዋል! የመንገዱን ውሃ ከልክለህ የራሳችንን ውሃ፣ ነፋስ የሚያስገባውንም ዝናብ፣ ወደ ውስጥ ትልክልን ነበር። ብቻዬን እንደ እብድ ሳቅኩብህ።

እኛስ ምን ስናደርግ ኖርን? በየዓመቱ አረፋ ሲቀርብ እርጥቡ ላይ ልስን፣ ልስኑ ላይ ቀለም። ዘመድ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ያልተቀባ ቤት አያይም ትል ነበር። ያስመጣሁት ግንበኛ ልስኑን በመዶሻ ሲያራግፈው የየዓመቱ ቀለም ተነባብሮ ወጣ። አረንጓዴው ፎዚያ ትምህርት ቤት የገባች ጊዜ የተቀባው ነው። ሰማያዊው ደግሞ ራሴ ካልመረጥኩ ብለህ ጎረቤቱን ሁሉ ያሳቅክበት። ለካስ ውሃውን ከውስጥ ቆልፈንበት ከላይ ስናሳምር ነው የኖርነው።

ድንጋዮችህን ማንም አልነካቸውም። ከላይ ያለው ሊሾ ብቻ ተነስቶ ወደ ደጅ ዘቅዘቅ ተደርጎ ተሠራ፤ ጫፉም ላይ ውሃ መውጫ ተበሳለት። ግድግዳው ግን ጊዜ ፈለገ። ግንበኛው እርጥበቱ ሳይወጣ ከተለሰነ ተመልሶ ይወድቃል አለኝ፤ በዓይኔ ያየሁት ነገር ነውና አላቅማማሁም። አረፋ ግን አይጠብቅም፤ ደረሰ።

ፎዚያ ከወልቂጤ መጥታ የተላጠውን ግድግዳ ስታይ ክው አለች። እማዬ፣ ለበዓሉ እንኳን ቀለም ይቀባ፣ አባቴ ከሞተ ቤቱም ሞተ ይሉናል አለችኝ። አንጀቴን በላችኝ። እኔስ እንዲህ እንዲባል መቼ ፈልጌ! ሌሊቱን ሁሉ ተገላበጥኩ፤ ሲነጋ ግን እምቢ አልኩ። ክትፎውም ቆጮውም እዚያው በረንዳው ላይ ቀረበ፤ ዘመድ ሁሉ ጭቃውን ፊት ለፊት እያየ በላ። ዓይናቸው አላረፈም። እኔም ቀና ብዬ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም «ቤቴ እየደረቀ ነው» አልኩ።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። የቡታጅራን ሐምሌ አንተ ታውቀዋለህ። ጠዋት ጠዋት ከሰላት በኋላ መዳፌን ግድግዳው ሥር እለጥፍ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ይቀዘቅዛል፤ ልቤም አብሮ ይቀዘቅዛል፤ ነስሩ ልክ ነበር እንዴ እላለሁ። እያደር ለቀቀው። ነሐሴ ሲያልቅ እጄ ላይ የሚቀረው ደረቅ አፈር ብቻ ሆነ። በጥቅምት ፀሐይ ተለሰነ፣ ተቀባም። ቀለሙ ያንተው ሰማያዊ ነው፤ የፈለገ ይሳቅ።

ጁምዓ ልትሄድ ከዱካህ ስትነሳ ኮትህ እንዴት ይሆን እንደነበር ታስታውሳለህ? እርጥበቱ ከግድግዳው የሚያወጣው ነጭ ብናኝ ጀርባህን ሞልቶት ወፍጮ ቤት የዋልክ ትመስል ነበር። ቁም እስኪ እያልኩ በመዳፌ አራግፍልህ ነበር። አንተም ቀስ በይ ሴትዮ፣ ጥፋቱ የግድግዳው ነው፣ እኔን ለምን ትመቺኛለሽ ትለኝ ነበር።

ሰሞኑን ነስሩ ለጉዳይ መጥቶ፣ ጥቁር ኮቱን እንደለበሰ ግድግዳውን ተደግፎ ብዙ አወራን። ሲነሳ እጄ ሳላዘው ወደ ጀርባው ሄደ። የሚራገፍ ነገር አልነበረም፤ ኮቱ ንጹሕ ነው። ዞሮ እኔንም ግድግዳውንም አየና «እትዬ፣ እንኳን አልሰማሽኝ» አለኝ። በዚያች ደቂቃ አጠገቤ ብትሆን ብዬ እንዴት እንደተመኘሁ አልነግርህም።

ኮትህን ለማንም አልሰጠሁትም። ጁምዓ ጁምዓ አወጣውና በረንዳህ ላይ፣ ሰማያዊው ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ። ሳነሳው ጀርባው ንጹሕ ነው፤ እኔ ግን ቁም እስኪ ብዬ አራግፈዋለሁ። እጄ እስከሠራልኝ ድረስ አራግፈዋለሁ።

ሚስትህ ዘይነባ