ሰዓዳ ዜሮ ብላ ጻፈች

ህዳር 9፣ ጠዋት

ጥፋተኛው ከማል ነው። ስሙን አስቀድሜ ልጻፍ፣ በኋላ እንዳልራራለት። ከደሴ የመጣ የጤና መኮንን። ለሁለቱ የጤና ኤክስቴንሽን ልጆቻችን፣ ለሰዓዳና ለብርቱካን፣ ጥናት እንዴት እንደሚጠና ያስተምራል። እስከ ዛሬ ሪፖርት ወደ ላይ መላክ ነበር ሥራቸው። አሁን ራሳቸው ጠይቀው፣ ራሳቸው ጽፈው፣ አራስ ሕፃን ለምን እንደሚሞት ይድረሱበት ይላል።

እኔ ጤና ኬላውን እጠርጋለሁ። ድሮ በሐርቡ ዙሪያ ልጅ የምቀበል እኔ ነበርኩ። በአንድ ለአምስቱ ስብሰባ በቤት መውለድ ቀረ ተባለ። መጥረጊያ ሰጡኝ።

ከማል ለልምምድ ይቀመጡልን አለኝ። ተቀመጥኩ። ሰዓዳ ጠየቀችኝ። ስንት ወለዱ? ሁለት። ተወልዶ የሞተብዎ አለ? የለም። ዜሮ ብላ ጻፈች። ፊደል የቆጠርኩት ባርባ ዓመቴ ቢሆንም ከፊት ለፊቷ ሆኜ አነበብኩት። ዜሮ ደግሞ ተገልብጦም ያው ነው።

ዋሸሁ፣ አንተ ደብተር። ሠላሳ አራት ዓመት ማንም አልጠየቀኝም። ከማልን ምን አስጠየቀው?

ህዳር 10፣ ከቀትር በኋላ

የሕፃናት ሚዛኑ ከጣራው አግዳሚ ተንጠልጥሏል። ነፋስ የለም። ይወዛወዛል። ባዶ ነው፣ አየሁት። ሁለቴ አየሁት።

ያቺ የመጀመሪያዬ ስድስት ቀን ኖረች። በሰባተኛው ስም ሊወጣላት በጉ ታስሮ ነበር። በጉ ቀረ፣ እሷ ሄደች። በኛ አገር ስም ላልወጣለት ልጅ አይለቀስም። ጎረቤት በሩ ላይ ቆሞ «ምትክ ይስጥሽ» ይላል፣ ያልፋል። ምትክም ተሰጠኝ፣ ሁለት። ከዚያ ወዲያ እሷን ማን ይቆጥራል?

ህዳር 13

ከቤት ቤት። መንገድ መሪዋ እኔ፤ ውሾቹ ያውቁኛላ። የከማል ደንብ፦ የተባለውን ብቻ ጻፉ፣ መንገድ መሪ አይናገርም። ተመቸኝ።

አሚናት ቤት። ስንት ወለድሽ? ሦስት። አራተኛውን በዚህ እጄ አጥቤ ገንዤዋለሁ። አየችኝ። መሬት መሬቱን አየሁ። ቀጥሎ ያለው ቤትም እንዲሁ። ሲመልሱ ሁሉም እኔን ያያሉ። ልጆቹን የተቀበልኩ እኔ ነኛ። ከተቆጠሩ፣ በማን እጅ እንደነበሩም ይቆጠራል።

ስንመለስ ሰዓዳ ቀለደችብኝ፦ «እትዬ ዘሐራ፣ ዛሬ ምላስዎን ቤት ረሱት እንዴ? ያለወትሮዎ!»

ሰባተኛ ወሯ ነው። ዳገቱን ሆዷን ደግፋ ትወጣለች። አላህ ይጠብቃት።

ህዳር 16

ከማል ወረቀቱን ደመረ። በመጀመሪያው ሳምንት የሞተ፦ አንድም የለ። ብርቱካን አጨበጨበች። እሱ ግንባሩን ቋጠረ። እንዲህ ያለ አገር አይቼ አላውቅም አለ። ቢሆንም የተጻፈው ተጽፏል። በሚመጣው ሳምንት ኮምቦልቻ ጤና ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። ያለችው አንዲት አዋላጅ ነርስ ናት፤ ወይ ለእኛ ወይ ለገራዶ ቀበሌ፣ ሞት ለበዛበት። እኛ ዜሮ ነን። ለገራዶ ነዋ።

የሰዓዳ ሳቅ ቆመ። እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች።

የሚዛኑን ጨርቅ አውርጄ አጠፍኩት። መንጠቆው ብቻውን ይወዛወዛል።

ህዳር 17፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ተናገርኩ። መጥረጊያውን እንደያዝኩ። ሰዓዳ፣ የኔን ወረቀት አውጪው አልኳት። ሴት። ስድስት ቀን። ከማል አይደለዝም ይላል፤ ባንድ መስመር ሰርዘሽ ጎኑ ላይ ጻፊ። ሰረዘች። ጎኑ ላይ አንድ ብላ ጻፈች። ስሟን እንዳትጠይቀኝ ፈራሁ። ወረቀቱ ለስም ቦታ የለውም።

የሌሎቹም ዜሮ እንደኔው ነው አልኩ። ከማል ዱካ ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ታዲያ እንዴት ብዬ ልጠይቃቸው፣ እናቴ? አለኝ። ይህን ሁሉ ተምሮ! ልጅ ሞተብሽ ወይ አትበላቸው አልኩት። ስም ያልወጣለት ለእነሱ ልጅ አይባልም። «ምትክ ይስጥሽ ተብለሽ ታውቂያለሽ?» በል።

 ከዚያ ጻፈው።

ህዳር 20

ዳግመኛ ከቤት ቤት። አሚናት ጥያቄውን ስትሰማ መቀነቷን ጨበጠች። ተብያለሁ አለች። ማን እንዳላት አልተጠየቀችም፣ ራሷ ተናገረች፦ «እሳቸው ናቸው ያሉኝ፣ እትዬ ዘሐራ።» አለቀሰች። ከስንት ዓመት በኋላ፣ በሰው ፊት። ሌላዋም። ሌላዋም። ወረቀቱ ሞላ። ስሜ የትም አልተጻፈም፤ በየደጁ ግን ሰማሁት።

የገደላቸው እጄ ይሆን? ምላጩን ሳልቀቅል እትብት የቆረጥኩበት ጊዜ አለ። የነገረኝ አልነበረም። ይሄስ የከማል ጥፋት ነው? ያኔ አልተወለደም።

ህዳር 24

ኮምቦልቻ ሄዱ። አዋላጇ ትምጣ አትምጣ ገና አልታወቀም። ሰዓዳ ከሚኒባሱ መስኮት ዱዓ ያድርጉልን አለችኝ። አብሽሪ አልኳት። የሚዛኑን ጨርቅ መልሼ ሰቀልኩት።

ሳልቀመጥ መልእክት መጣ። ከታች ሰፈር አንዲት አራስ፣ ልጇ ማለዳ ሞተባት። አምስት ቀኑ ነበር። ሄድኩ። ሴቶቹ በሩ ላይ ቆመው ያቺኑ የምትክ ቃል ብለው ያልፋሉ። ተራዬ ደረሰ። አፌ ለምዷል፣ ሊል ተከፈተ። ዋጥኩት። ገባሁ። መደቡ ላይ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ማንን ይመስል ነበር? አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ነገረችኝ።

ከእንግዲህ ለማንም እናት «ምትክ ይስጥሽ» አልልም።